ተሸላሚው ፊልም ማንኪራ መቼ ይደርሳል?

በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማይርቀው የማንኪራ ደን ውስጥ፣ ቡና የሰው እጅ ሳይተክለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ ይበቅላል። አካባቢው የአረቢካ ቡና መገኛ ተብሎ ይታወቃል። በደኑ ውስጥ «እናት ቡና» እየተባለ የሚጠራ ዕድሜ ጠገብ ዛፍም ለጎብኚ ይታያል። ዛሬ ግን ከማንኪራ የምንነሣው ስለ ቡና ብቻ ለመናገር አይደለም፤ ስለ ፊልምና ስለ ፊልም ሽልማት ለመወያየት ነው። ሁለቱን ነገሮች ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገናኟቸው አንድ አዛውንት ናቸው።

ጊዜው የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ቀኑን ሙሉ በደን ውስጥ የዋሉ ለቃሚዎች በምሽት ጀበናውን ከበው ተቀምጠው ሳለ፣ አንድ ወጣት በተንቀሳቃሽ ስልኩ የያዘውን ትዕይንት ለተሰበሰበው ሰው ማሳየት ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ የተካሄደ የጉማ የፊልም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ትንሿ መስተዋት አጎነበሰ። ያማረ ልብስ የለበሱ ተዋንያን በምንጣፍ ላይ ሲራመዱ፣ ስማቸው ሲጠራ፣ ሽልማታቸውን ተቀብለው ሲያለቅሱና ሲያመሰግኑ ታየ። አዛውንቱ ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የሚሸለሙት ምን አምርተው ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ወጣቱም፣ «ፊልም ሠርተው ነው፣ አባባ» አላቸው። «እንግዲያውስ ፊልሙን አሳየና» አሉት። ወጣቱ ፈገግ ብሎ፣ «ያለኝ ሽልማቱ ነው አባባ፤ ፊልሙስ የለኝም» ሲል መለሰ።

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው፣ ተሸላሚው ያመረተው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የሽልማቱ ወሬ ማንኪራ ሲደርስ የተሸለመው ሥራ ለምን አልደረሰም? የሚለው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች የአንድ አዛውንት ብቻ አይደሉም፤ በየፋብሪካው፣ በየሠፈሩና በየዕድሩ ያለው ሠራተኛና ነዋሪ ሁሉ ጥያቄዎች ናቸው። ስለሆነም በየተራ ልንመረምራቸው ይገባናል።

ጉማ የሚለው ስም ከየት መጣ?

የጉማ የፊልም ሽልማት በፊልም ባለሙያው በዮናስ ብርሃነ መዋ መሥራችነት በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ፣ በአገራችን የተሠሩ ፊልሞችንና ባለሙያዎቻቸውን በየዓመቱ አወዳድሮ ለመሸለም የታሰበ መድረክ ነው። የካፋና የጅማ አካባቢ ሰው ጉማ ሲባል በቅድሚያ ትዝ የሚለው ከጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረው ጥንታዊው የጉማ መንግሥት ሊሆን ይችላል። የሽልማቱ ስም የተወሰደው ግን ከዚያ ሳይሆን፣ ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ካዘጋጀው «ጉማ» ከተባለው ባለ ቀለም የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ቃሉ በአፋን ኦሮሞ የደም ካሣን ያመለክታል። ሰው የገደለ ወገን የሟችን ቤተሰብ ክሶ፣ በሽማግሌዎች ፊት ታርቆ፣ ቂም በቀል የሚቆምበት የቆየ ሕዝባዊ ሥርዓት ነው። ፊልሙም የተሠራው በዚሁ ልማድ ዙሪያ ነው።

ይህ የስም አመራረጥ ትርጉም የሌለው አይደለም። የአገራችን ፊልም ከሕዝቡ ልማድ፣ ከሕዝቡ የፍትሕ አስተሳሰብና ከሕዝቡ ቋንቋ ተነሥቶ እንደነበረ ያስታውሰናል። ከውጭ ተኮርጆ የመጣ ስም ቢሰጠው ኖሮ ሽልማቱ ገና ሲወለድ ባዕድ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ስም ግዴታም ያስከትላል። ከሕዝብ ሥርዓት ስሙን የተዋሰ ሽልማት ውለታውን ለሕዝቡ የመመለስ ዕዳ አለበት።

ሽልማቱ ከባዶ ሜዳ የበቀለም አይደለም። በመጀመሪያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው የታወቀ ነው። በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ የሰው ጥላ ለዓይን እንግዳ ስለነበረ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በአዳራሾቻችን የሚታየው የሌላ አገር ሕይወት፣ የሌላ አገር ጀግናና የሌላ አገር ፍቅር ነበር። በ1957 ዓ.ም. ኢላላ ኢብሳ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ኢትዮጵያዊው ተመልካች የራሱን ቋንቋና የራሱን ችግር በትልቁ መጋረጃ ላይ ለማየት በቃ። «ጉማ» ተከተለ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ብቅ አለ። ይህ ፊልም የአንድን ጭሰኛ ቤተሰብና የባለ መሬቱን ግንኙነት ያሳያል። የተቀረጸውም የዘውዱ ሥርዓት በሚናጋበት በ1966 ዓ.ም. ገደማ፣ እዚሁ አገር ውስጥ፣ በእውነተኛ ገበሬዎች መካከል ነው።

በኋላም በመንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ዘጋቢና ልቦለዳዊ ፊልሞችን ለመሥራት ሞክሮ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ግን ድርጅቱ ፈረሰ። የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» የታየችው በዚያ የሽግግር ወቅት ነው። ከዚያም የሴሉሎይድ ፊልም ውድነት የሥራውን በር ዘግቶት ቆየ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ ካሜራ መሥራት ሲጀመር በሩ እንደገና ተከፈተ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የዚያ አዲስ ምዕራፍ አንዱ ምልክት ነው። ከዚያ ወዲህ በርካታ የአማርኛ ፊልሞች ተሠርተው የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ሞሉ። ሰልፈኛውም ረዘመ። እንግዲህ ምርቱ ሲበዛ፣ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ሚዛን የግድ ማስፈለጉ አልቀረም። ጉማ የተወለደው ከዚህ ፍላጎት ነው።

ፊልም የማን የሥራ ውጤት ነው?

አሁን ወደ አዛውንቱ የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ፤ ምን አምርተው ነው የሚሸለሙት? አንዳንድ ወገኖች ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ አላቸው። «ምንም አላመረቱም፤ ሽልማት የከተማ ሰው ጌጥ ነው፤ ለልብስና ለፎቶግራፍ የሚደረግ ግብዣ ነው» ይላሉ። ይህ አስተያየት ትክክል ነው ብለን አንቀበልም። በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ምስጉን ሠራተኛ ሲሸለም ማንም ሠራተኛ አይከፋም። ሥራው የታየለት ሰው ነገ የበለጠ ይሠራል፤ ጓዱም ያንን አይቶ ይነሣሣል። ኪነ ጥበብም ሥራ ነው። ላብ አለበት፤ እንቅልፍ ማጣት አለበት፤ ኪሣራም አለበት። ስለዚህ የኪነ ጥበብ ሠራተኛው በወገኑ ፊት ቆሞ መመስገኑ ተገቢ ነው።

ሊታረም የሚገባው ሌላ አመለካከት ነው። ይኸውም ፊልም የአንድ የታወቀ ፊት ውጤት ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ተዋናዩን ብቻ ስለሆነ ምስጋናውን ሁሉ ለእርሱ ያሸክመዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ለአንድ ደቂቃ የፊልም ትዕይንት ጽሑፉን የጻፈ፣ ቦታውን የመረጠ፣ ብርሃኑን ያስተካከለ፣ ካሜራውን የተሸከመ፣ ድምፁን የቀዳ፣ ልብሱን የሰፋ፣ ፊቱን ያስዋበ፣ መኪናውን የነዳ፣ ምግቡን ያበሰለ፣ በመጨረሻም ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ምስሉን የቆረጠና የቀጠለ ሰው አለ። ከእነዚህ አንዱ ሥራውን ቢበድል ትዕይንቱ ይበላሻል። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈታዩ፣ ሸማኔውና ቀለም ነካሪው ተያይዘው እንደሚሠሩት ሁሉ፣ ፊልምም የብዙ እጆች የጋራ ምርት ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የፊልም ሽልማት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በሽልማቱ መድረክ ላይ ከተዋናዩና ከተዋናይቷ ጋር የዳይሬክተሩ፣ የድርሰቱ፣ የካሜራው፣ የቅንብሩ፣ የድምፁና የሙዚቃው ባለሙያ ስም ይጠራል። በአዳራሹ የተቀመጠው ሰውም፣ በስልክ የሚያየውም፣ «ለካ ይህም ሙያ አለ!» ብሎ ይማራል። ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው ሠራተኛ በብርሃን ፊት እንዲቆም የሚያደርግ መድረክ ምስጋና ይገባዋል። ሽልማቱ ለሴት ባለሙያዎችም በር መክፈቱን ልንዘነጋ አይገባም። በቅድስት ይልማ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ረቡኒ» በጉማ መድረክ ከተከበሩት ሥራዎች አንዱ ነው። ሴት በፊልም ውስጥ ለመታየት ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ራሱን ለመምራት እንደምትችል ይህ በተግባር አሳይቷል።

ነገር ግን ሂስም ማቅረብ ይገባናል። የሽልማት ዘርፍ የሌላቸው ሠራተኞች አሁንም ብዙ ናቸው። መብራት ተሸካሚው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሾፌሩና ምግብ አብሳይዋ በፊልሙ መጨረሻ በፍጥነት በሚያልፈው የስም ዝርዝር ውስጥ ቢገኙ ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ ያን ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ በሩ ላይ ደርሷል። እያንዳንዱ ተሸላሚ መድረክ ላይ ሲወጣ ከቤተሰቡና ከገንዘብ አውጪው ቀጥሎ የእነዚህን ሰዎች ስም ቢጠራ የሚወስድበት ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በሥራው ዓለም ግን ትልቅ ለውጥ ነው።

ሚዛኑ ምን ይሁን?

ሽልማት ካለ ሚዛን አለ። ሚዛኑ የተዛባ እንደሆነ ሽልማቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ምክንያቱም ደካማውን ሥራ አርአያ አድርጎ ያስቀምጣል። የፊልም ሰዎች ሊማሩበት የሚችል ሚዛን ደግሞ ማንኪራ በቀጥታ በሚያውቀው ሥራ ውስጥ አለ። እርሱም የቡና ቅምሻ ነው።

ለገበያ የሚቀርብ ቡና ደረጃ ሲወጣለት ናሙናው በመለያ ቁጥር ብቻ ይቀርባል። ቀማሹ ቡናው የማን እንደሆነ አያውቅም። በመጀመሪያ ጥሬው ፍሬ ይታያል፤ የተበላሸው ይቆጠራል። ከዚያም ተቆልቶና ተፈልቶ መዓዛው፣ ጣዕሙና ኮምጣጣነቱ እየተመረመረ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጠዋል። ባለቤቱ ሀብታም ነጋዴ ይሁን ወይም ጓሮውን የሚለቅም ገበሬ፣ ጽዋው ላይ ያለው ጣዕም ነው የሚፈርደው። በርግጥ የፊልም ዳኛ የተዋናዩን ፊት ላለማየት አይችልም። ይሁን እንጂ ሌላውን ሁሉ ማድረግ ይችላል። የዳኝነቱ መመዘኛ አስቀድሞ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ በሚዳኘው ፊልም ውስጥ ጥቅም ወይም ዝምድና ያለው ዳኛ ከዚያ ፍርድ ራሱን ቢያገል፣ ከውጤቱም በኋላ አንዱ ፊልም ከሌላው የበለጠበት ምክንያት በአጭሩ ቢብራራ፣ ተሸላሚውም ተሸናፊውም ተመልካቹም ይማራሉ። ምክንያቱ ያልተነገረለት ሽልማት ዕጣ ይመስላል።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር አለ፤ የሚፈርደው ባለሙያው ይሁን ወይስ ሕዝቡ? በአገራችን ሁለቱም መንገዶች ተሞክረዋል። በለዛ የሬዲዮ ፕሮግራም አማካይነት የተዘጋጀው ሽልማት የአድማጮችን ምርጫ መሠረት አድርጎ ነበር የተነሣው። በሌላ በኩል የባለሙያ ዳኞች የሚመዝኑበት መንገድ አለ። እኛ እንደምናምነው ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም። የሕዝብ ድምፅ ብቻ ከሆነ ብዙ ማስታወቂያ ያስነገረው ያሸንፋል። የባለሙያ ድምፅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ባለሙያዎች ለባለሙያዎች የሚነጋገሩበት ዝግ ክበብ ይፈጠራል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፊልሙን ያላየ ሕዝብ ሊፈርድ አይችልም። በማንኪራ ያለው ለቃሚ ድምፅ ስጥ ቢባል ለየትኛው ይሰጣል? የሚያውቀው የተዋናዩን ስም እንጂ ሥራውን አይደለም።

ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽም አንድ ነገር እንበል። አንዳንዱ የሥዕሉን ጥራት፣ የካሜራውን ዘመናዊነትና የተዋናይቷን ውበት ብቻ ይለካል። ሌላው ደግሞ መልእክቱ ጥሩ ከሆነ አሠራሩ ቢበላሽም ግድ የለም ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። መልካም ዘር በጭንጫ ላይ ቢዘራ አይበቅልም፤ የለማ መሬትም ያለ ዘር አያፈራም። የአገራችን የተሻሉ ፊልሞች ይህንን በተግባር አስረድተዋል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የተመሠረተው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ላይ ነው። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች አንዲት ታዳጊና ለእርሷ የቆመች የሕግ ባለሙያ፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ የፊልሙ መነሻ ናቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። የተሸለመው ጠለፋን የሚያወግዝ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ወግዞ በሚገባ የተሠራ በመሆኑ ጭምር ነው።

የውጭው ሽልማትና የአገር ቤቱ ተመልካች

የኢትዮጵያ ፊልም በውጭ አደባባይ መመስገኑ አዲስ ነገር አይደለም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸልሟል። የዚያው ዳይሬክተር «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የአፍሪካን ፊልሞች በሚያወዳድረው ፌስፓኮ ታላቁን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ አሸነፈ። ፌስፓኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተ፣ አፍሪካውያን የራሳቸውን ፊልም በራሳቸው ዓይን የሚመዝኑበት አንጋፋ መድረክ ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ለመሆን በቅቷል።

እነዚህ ድሎች ያኮሩናል። ይሁን እንጂ ከኩራታችን ጎን አንድ ቅራኔ አለ። ቡናችን በውጭ አገር በጥሩ ዋጋና በጥሩ ስም ሲሸጥ፣ ለቃሚው ብዙ ጊዜ በቤቱ የሚጠጣው ከደረጃ የወረደውን ነው። ፊልማችንም እንዲሁ ሆኗል። የገበሬው ሕይወት ተቀርጾ በሎካርኖና በቬኒስ ይጨበጨብለታል፤ ገበሬው ግን ያንን ሥዕል አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የቡና አምራቹን ትግል የሚያሳይ «ብላክ ጎልድ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርተው በዓለም ዙሪያ አሳይተዋል። ፊልሙ በሩቅ አገር ያለውን ቡና ጠጪ ስለ ዋጋ እንዲያስብ አድርጎታል። ታዲያ የቡናው ባለቤት በራሱ ሠፈር፣ በራሱ ቋንቋ፣ ስለ ራሱ ሥራ የሚያስብበት ፊልም መቼ ነው የሚያየው?

ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለምም ተነሥቶ መልስ የፈለጉለት ሰዎች ነበሩ። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሰምቤን በማርሴይ ወደብ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ የሠራ ላብ አደር ነበር። መጀመሪያ ልቦለድ ጻፈ። በኋላ ግን አብዛኛው ወገኑ ማንበብ እንደማይችል ሲረዳ ወደ ፊልም ዞረ። ሲኒማን የሕዝቡ የማታ ትምህርት ቤት አድርጎ ይመለከተው ነበር። ስለዚህም ፊልሞቹን ይዞ ወደየመንደሩ እየሄደ ያሳይና ከሕዝቡ ጋር ይወያይ ነበር። ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን ሠርቶ በአሜሪካ የሚያሳይለት አከፋፋይ ባጣ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከጥቁር ሕዝብ ማኅበራት ጋር ሆኖ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ወደ ከተማ አሳየው። ሕዝቡም በሰልፍ ገባ። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የምንማረው ግልጽ ነው። ፊልም ሠርቶ መጨረስ የሥራው እኩሌታ ነው፤ ቀሪው እኩሌታ ለተመልካቹ ማድረስ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ አንሥቶ የሲኒማ ቤቶች ችግር እየከበደ፣ ፊልምም ከአዳራሽ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ እየተሸጋገረ መምጣቱን ሁላችንም አይተናል። ይህ ለማንኪራ መልካም ዕድልም አደጋም አለው። ዕድሉ፣ ሥዕል ዛሬ ያለ አዳራሽ ሊደርስ መቻሉ ነው። አደጋው ደግሞ፣ የሚደርሰው ሙሉው ሥራ ሳይሆን ቁርጥራጩ፣ ፊልሙ ሳይሆን ወሬው መሆኑ ነው። የወጣቱ ስልክ የሽልማቱን ጭብጨባ ይዞ ፊልሙን አለመያዙ የዚህ ምልክት ነው። ስለሆነም የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሲያበቃ የሽልማቱ ሥራ ሊያበቃ አይገባም። በየዓመቱ የተሸለሙት ፊልሞች ከባለቤቶቻቸው ጋር በተደረገ ስምምነት ወደ ክልል ከተሞች ቢዘዋወሩ፣ ሽልማቱ የአንድ ምሽት ግብዣ ከመሆን ወጥቶ የዓመት ሥራ ይሆናል። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የራሱ መስተዳድር አለው፤ ቦንጋም ከመቀመጫዎቹ አንዷ ናት። በቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል። የካፋ ደንም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። የዓለምን እንግዳ ለመቀበል የበቃች ከተማ ለአገሯ ፊልምም አንድ ምሽት ልትከፍትለት ትችላለች።

ሁለተኛ፣ የቋንቋ ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። ካፊኖኖ ተናጋሪ የሆነች እናት ከልጅ ልጇ በስተቀር አስተርጓሚ በሌለበት የአማርኛ ፊልም ብታይ ግማሹ ያመልጣታል። የተሸለሙትን ፊልሞች ቢያንስ በጥቂት የአገራችን ቋንቋዎች ማሰማት፣ ካልተቻለም በሥዕሉ ግርጌ በጽሑፍ ማስቀመጥ የማይቻል ሥራ አይደለም። በሌላ በኩል በካፊኖኖ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የተሠሩ ፊልሞች በአገር አቀፍ ሽልማት ውስጥ ተገቢ ቦታ ማግኘት አለባቸው። ስሙን ከአፋን ኦሮሞ የወሰደ ሽልማት ይህንን ከማንም በፊት ሊረዳ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የማኅበራት ኃላፊነት አለ። የሠራተኛ ማኅበር አዳራሽ፣ የቀበሌ ስብሰባ ቤት፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የዕድር ድንኳን፣ እነዚህ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ከተሰቀለባቸው ሲኒማ ቤት ናቸው። በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን በመኪና ተጭኖ በየአውራጃው ይዞር የነበረውን ሲኒማ ያስታውሱ ይሆናል። ያን ጊዜ መኪና፣ ጀነሬተርና የከበደ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን በእጅ የሚያዝ ማሳያ መሣሪያ ይበቃል። የሚጎድለው መሣሪያው አይደለም፤ ተደራጅቶ የመነሣት ፈቃድ ነው።

አራተኛ፣ የፊልም ሠራተኛውን ጉልበት የመክፈል ግዴታ አለብን። የተሰረቀ ቅጂ እየተለዋወጡ ተሸላሚውን ማጨብጨብ፣ ከደን የተለቀመውን ቡና ያለ ዋጋ ወስዶ ለቃሚውን «ጀግና» ብሎ እንደማሞገስ ነው። የማኅበር አባላት ጥቂት ብር ቢያዋጡ ለአንድ ሰው ቀላል፣ ለፊልም ሠሪው ግን ለሚቀጥለው ሥራ መነሻ ይሆናል። የቡና ዋጋ ጥያቄ የላብ ጥያቄ መሆኑን የሚያውቅ የካፋ ገበሬ፣ ይህንን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

አምስተኛ፣ ፊልም አይቶ ዝም ብሎ መበተን ይቅር። ከዕይታው በኋላ ለግማሽ ሰዓት እንወያይ። ፊልሙ የኛን ሕይወት በትክክል አሳየን? ገበሬውን አላዋቂ አድርጎ አሳቀብን ወይስ ሰው አድርጎ አቀረበው? ሴቲቱ የምትናገረው አላት ወይስ ለማልቀስ ብቻ ነው የገባችው? መጨረሻው ከታሪኩ የመነጨ ነው ወይስ ተመልካቹን ለማስደሰት የተለጠፈ? ይህን ዓይነቱን ሂስ የለመደ ሕዝብ የሽልማቱ እውነተኛ ዳኛ ይሆናል። ፊልም ሠሪውም ከጭብጨባው ይልቅ ከሂሱ ብዙ ይማራል።

እነዚህ አምስቱ ነገሮች በአንድ ጀምበር የሚፈጸሙ እንዳልሆኑ እናውቃለን። ቡና ለመድረቅ በአልጋው ላይ ተሰጥቶ፣ በእጅ እየተገላበጠ፣ በዝናብ ጊዜ እየተሸፈነ፣ ቀናት ይፈጅበታል። ሥራውን ያቻኮለ ቡናውን ያበላሻል። ሥራውን ያልጀመረ ግን ምንም ቡና አይኖረውም።

በማንኪራ ያገኘናቸው አዛውንት በመጨረሻ ሦስተኛውን ስኒ አስቀምጠው ለወጣቱ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ሽልማቱን አሳየኸን፤ ደግ አደረግህ። በሚቀጥለው ግን ፊልሙን ይዘህ ና። ቡናውን እኛ እናፈላለን።» ይህ ግብዣ ለአንድ ወጣት ብቻ የቀረበ አድርገን ልንወስደው አይገባንም። በየማኅበሩና በየሠፈሩ ያለን ሁላችን፣ የፊልም ባለሙያዎችና የሽልማቱ አዘጋጆችም ጭምር፣ የተጠራን መሆናችንን ተገንዝበን፣ የተሸለመው ፊልም ከአዳራሹ ወጥቶ ቡናው ወደተፈላበት ቤት እስኪደርስ ድረስ በጋራ ልንሠራ ይገባናል።